ጭራቁን እንድናምን የሚያደርገው ሰው፦ ቢል ፓክስተን እና የዳላስ–ፎርት ዎርዝ ተዋንያን

አስፈሪ ፊልም እና ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ከሌሎች የፊልም ዘውጎች የሚለዩት ተመልካቹ በገሃዱ ዓለም የሌለውን ነገር እንዲያምን በመጠየቃቸው ነው። ሌሊት እየወጣ ደም የሚመጥ ፍጡር፣ ከሌላ ፕላኔት የመጣ አውሬ ወይም ከመጪው ዘመን የተላከ ማሽን በእውነት ቢኖር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ማንም የለም፤ ስለዚህ ፊልሙ የሚታመነው በፍጡሩ አሠራር ጥራት ብቻ ሳይሆን፣ ከፍጡሩ ፊት ለፊት በቆመው ሰው ፊት፣ ድምፅ እና ትንፋሽ ነው። ይህን ሸክም አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው በፖስተሩ ላይ ስሙ በትልቁ የሚጻፈው መሪ ተዋናይ ሳይሆን፣ የሆሊውድ ሰዎች «ካራክተር አክተር» የሚሉት ባለሙያ ነው፤ ይህም በመልኩ ወይም በዝናው ሳይሆን፣ ለየት ያለ ጠባይ ያለውን ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነፍስ ዘርቶበት በማቅረብ ችሎታው የሚፈለግ ተዋናይ ማለት ነው።

የዚህን ሙያ ታሪክ በአንድ አካባቢ ለመከታተል ለሚፈልግ ሰው፣ በቴክሳስ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኙት ዳላስ እና ፎርት ዎርዝ ሁለት ዐይነት ማስረጃ ጎን ለጎን ያቀርቡለታል። ሁለቱ ከተሞች 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው የተቆረቆሩ ቢሆንም፣ ዛሬ በመካከላቸውና በዙሪያቸው ባሉት በአርሊንግተን፣ በኧርቪንግ፣ በጋርላንድ እና በሪቻርድሰን ተያይዘው እንደ አንድ ከተማ የሚታዩ ሲሆኑ፣ በርካታ ኢትዮጵያውያንም ትዳርና ሥራቸውን በዚያ መሥርተዋል። ከፎርት ዎርዝ ተነሥቶ ሆሊውድ የደረሰው ቢል ፓክስተን ሙያው ሊደርስበት የሚችለውን ከፍታ ያሳያል፤ በዳላስ ዙሪያ በአነስተኛ በጀት በተሠሩ ፊልሞች ላይ የተወኑት እንደ ቢል ተርማን ያሉ ባለሙያዎች ደግሞ፣ ሙያው ገንዘብና ቴክኖሎጂ ሳያግዙት ብቻውን ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያሉ። በዚህ ዘገባ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእንጨት ነጋዴው ልጅ

ቢል ፓክስተን የተወለደው ሜይ 17 ቀን 1955 በፎርት ዎርዝ ነው። አባቱ ጆን ሌን ፓክስተን የእንጨት ነጋዴ ቢሆኑም የትወና ፍቅር የነበራቸው ሰው ነበሩ፤ በስተርጅናቸውም በ«ስፓይደርማን» ፊልሞች ውስጥ የኦዝቦርን ቤተሰብ አሽከር ሆነው ለመተወን በቅተዋል። ፓክስተን ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ማለዳ፣ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ በፎርት ዎርዝ ካደሩበት ሆቴል ቴክሳስ ሲወጡ ለማየት ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ነበር፤ ፕሬዚዳንቱም በዚያው ዕለት እኩለ ቀን ላይ ዳላስ ውስጥ ተገደሉ። ልጁ ከሕዝቡ በላይ ከፍ ተደርጎ ተይዞ የሚታይበት ፎቶግራፍ በዳላሱ የሲክስዝ ፍሎር ሙዚየም የሚገኝ ሲሆን፣ ፓክስተንም ከ50 ዓመት በኋላ የዚያን ቀን ታሪክ፣ ፕሬዚዳንቱ የተወሰዱበትን ሆስፒታል ሠራተኞች ጨምሮ፣ በልዩ ልዩ ሰዎች ዐይን የሚተርከውን «ፓርክላንድ» የተሰኘ የ2013 ፊልም ካዘጋጁት ፕሮዲውሰሮች አንዱ ሆኗል።

ፓክስተን ወደ ፊልም የገባው በትወና በር አልነበረም። በ18 ዓመቱ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ በሮጀር ኮርማን ኩባንያ በመቼት አሰናጅነት ተቀጠረ፤ መቼት አሰናጅ ማለት ካሜራው የሚያየውን ክፍል በወንበሩ፣ በመጋረጃው፣ በዕቃው እና በቆሻሻው ጭምር ሞልቶ ሰው የኖረበት የሚያስመስል ባለሙያ ነው። ኮርማን በርካሽ እና በፍጥነት በሚሠሩ ፊልሞች የታወቀ ፕሮዲውሰር የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ስመ ጥር የሆኑ ብዙ ዳይሬክተሮች የመጀመሪያ ዕድላቸውን ያገኙት ከእሱ ዘንድ ነው። ፓክስተን በ1975 በወጣው የጆናታን ዴሚ «ክሬዚ ማማ» ውስጥ አነስተኛ ሚና ካገኘ በኋላ፣ ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ በታወቀችው የትወና መምህርት በስቴላ አድለር ዘንድ ተማረ። በዚያው ዐሥር ዓመት በዌልስ በጥቁርና ነጭ በተቀረጸ አንድ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ላይም በመሪ ተዋናይነት ሠራ፤ «ቴኪንግ ታይገር ማውንቴን» የተባለው ይህ ፊልም ተጠናቆ ለተመልካች የቀረበው ግን በ1983 ነው።

የወደፊት ዕጣውን የወሰነው ትውውቅ የተፈጠረው በኮርማን ስቱዲዮ፣ በ1981 በወጣው «ጋላክሲ ኦቭ ቴረር» ሥራ ላይ ነበር። የፊልሙን የጠፈር መርከብና የባዕድ ፕላኔት ገጽታ የሚነድፈው ጄምስ ካሜሮን የተባለ ወጣት ሲሆን፣ ፓክስተን ደግሞ በካሜሮን ሥር ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ከሚያቆሙትና ቀለም ከሚቀቡት ሠራተኞች አንዱ ነበር። ይህ የጉልበት ሥራ ለተዋናዩ የሰጠው ትምህርት ቀላል አልነበረም። ጠፈር ተብሎ የሚታየው ነገር ከጣውላ፣ ከፕላስቲክ እና ከተጣለ ዕቃ እንደሚሠራ በገዛ እጁ ያረጋገጠ ሰው፣ ጣውላውን ጠፈር የሚያደርገው በውስጡ የሚመላለሰው ሰው ማመን እንደሆነም ይረዳልና። ካሜሮን በ1984 «ተርሚኔተር»ን ሲሠራ ይህን ሠራተኛ አስታውሶ፣ ከመጪው ዘመን የመጣውን ማሽን ሎስ አንጀለስ እንደ ደረሰ በሌሊት የሚያሾፉበትን የሦስት ዱርዬዎች አለቃ ሚና ሰጠው። ሚናው ከአንድ ትዕይንት አያልፍም፤ ሆኖም ማሽኑ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ተመልካቹ የሚማረው፣ በቆመ ጠጉሩና በፊቱ ቀለም የተማመነው ያ ዱርዬ ፈገግታው ሲጠፋ በማየት ነው።

የሀድሰን ፍርሃት

የፓክስተን ችሎታ ሙሉ ለሙሉ የተገለጠው በ1986 ካሜሮን በጻፈውና ባዘጋጀው «ኤሊየንስ» ላይ ነው። ፊልሙ ከምድር ርቃ በምትገኝ የሰፈራ ቦታ የጠፉትን ነዋሪዎች ለመፈለግ የተላኩ ወታደሮች፣ በሰው ሰውነት ውስጥ እያደጉ ከሚባዙ ፍጡራን ጋር የሚያደርጉትን ትግል ይተርካል። ሲጎርኒ ዊቨር የተጫወተችው ሪፕሊ የታሪኩ ምሰሶ ናት፤ ፓክስተን ደግሞ ሀድሰን የተባለውን ተራ ወታደር ሆኖ ይጫወታል። ሀድሰን ሲታይ ቀልደኛ፣ ጉረኛ እና በመሣሪያው የሚመካ ነው፤ ነገር ግን ተዋናዩ ፉከራው ቅርፊት ብቻ መሆኑን ገና ጦርነቱ ሳይጀመር ይጠቁማል። ወታደሮቹ ምግብ ቤት ተቀምጠው ሳለ ቢሾፕ የተባለው ሰው መሰል ማሽን እጁን በሀድሰን እጅ ላይ ደርቦ በጣቶቻቸው መካከል ቢላዋ ያፈራርቃል፤ ቢላዋው እየፈጠነ ሲሄድ፣ ጓደኞቹ ሲስቁ፣ የሀድሰን ጩኸት ከሳቁ በላይ ይወጣል። ይህች አጭር ትዕይንት ተመልካቹን ታስቃለች፤ በኋላ ግን ያው ጩኸት ሲደገም የሚያስቅ ነገር አይኖርም።

ወታደሮቹን ሊመልሳቸው የነበረው መንኮራኩር ወድቆ ሲጋይ፣ ሀድሰን ሁሉ ነገር እንዳበቃለት ጮኾ ይናገራል፤ በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ወዳጆች ዘንድ እስከ ዛሬ ከሚጠቀሱት ንግግሮች አንዱ የሆነው ያ አጭር ኀይለ ቃል በስክሪፕቱ ያልነበረ፣ ፓክስተን በቀረጻው ጊዜ ከራሱ ያመነጨው ነው። በዚህ ቦታ የተዋናዩ ተግባር ሁለት ነው፦ አንደኛ፣ ተመልካቹ በልቡ የሚያስበውን ነገር አውጥቶ መናገር ነው፤ ሁለተኛ፣ የሪፕሊን ጽናት በንጽጽር ጎልቶ እንዲታይ ማድረግ ነው። የሚፈራ ሰው በሌለበት ደፋር ሰው አይለይምና፣ ዊቨር ለዚህ ሚናዋ ለኦስካር ስትታጭ የፓክስተን ድርሻም በዚያ ውስጥ ነበረበት ማለት ይቻላል። ፓክስተን ራሱም ለሀድሰን በምርጥ አጃቢ ተዋናይነት የሳተርን ሽልማትን አግኝቷል፤ ይህ ሽልማት በዋነኛነት ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ፣ ለምናባዊ እና ለአስፈሪ ሥራዎች የሚሰጥ ነው።

የሙያው ምስጢር በቅርብ የሚታይበት ሌላም ትዕይንት አለ። የቀሩት ወታደሮች በሩን በይደው ተሸሽገው ሳለ፣ ሀድሰን የሚንቀሳቀስ ነገርን ርቀት የሚለካ መሣሪያ ይዞ ቁጥር ያነባል፤ ቁጥሩ በሜትር እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ከበሩ በዚህኛው ወገን፣ ማለትም እነሱ ካሉበት ክፍል ውስጥ ይደርሳል፤ ክፍሉ ግን ባዶ ነው። ከጣራው በላይ የሚሳበው ነገር እስኪገለጥ ድረስ በትዕይንቱ ውስጥ ምንም ጭራቅ አይታይም፤ ያለው አንድ መሣሪያ፣ ተራ ቁጥሮች እና እየሳሳ የሚሄድ የአንድ ሰው ድምፅ ነው። በዘመኑ ከነበረው ልዩ የምስል ጥበብ ሁሉ የበለጠ የሚያስፈራው ያ ድምፅ መሆኑ፣ ካራክተር አክተር በአስፈሪ ፊልም ውስጥ ያለውን ቦታ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያስረዳል።

የሚያስፈራውም እሱ ሲሆን

የሚፈራውን ሰው በሚገባ የሚያውቅ ተዋናይ የሚያስፈራውን ሰውም ያውቃል። ከ«ኤሊየንስ» አንድ ዓመት በኋላ፣ በካትሪን ቢግሎው በተዘጋጀው «ኒር ዳርክ» ውስጥ ፓክስተን በ«ኤሊየንስ» አብረውት ከተወኑት ከላንስ ሄንሪክሰን እና ከጄኔት ጎልድስቲን ጋር ዳግም ተገናኝቶ ሴቨረን የተባለውን ደም መጣጭ ሆኖ ተጫወተ። ፊልሙ የደም መጣጮችን ተረት ከአውሮፓ ቤተ መንግሥትና ከጥቁር ካባ አውጥቶ ወደ አሜሪካ ገጠር መንገዶች፣ ወደ ርካሽ ሆቴሎች እና ወደ መሸታ ቤቶች ያወረደ ሲሆን፣ «ቫምፓየር» የሚለው ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነገርበትም። በታወቀው የመሸታ ቤት ትዕይንት ሴቨረን በባንኮኒው ላይ ወጥቶ ቀስ እያለ ይራመድና፣ በቦት ጫማው ተረከዝ ላይ ባለው የፈረስ መኮርኮሪያ ብረት የአሳላፊውን ጉሮሮ ይቆርጣል። ብረቱ የከብት ጠባቂ ተራ ዕቃ ነው፤ አስፈሪ የሚያደርገው ተዋናዩ ግድያውን እንደ ጨዋታ፣ በደስታና ያለ ችኮላ መፈጸሙ ነው። በከብት ንግድ በበለጸገችው ፎርት ዎርዝ ያደገው ፓክስተን ያንን ጫማ፣ ያንን አረማመድ እና ያንን አነጋገር ከፊልም አልተማረውም።

የሙያው ስፋትም እዚህ ላይ ይታያል። በ1985 በ«ዌርድ ሳይንስ» ታናሽ ወንድሙን የሚያሰቃይ፣ በመጨረሻም ወደ አስቀያሚ ፍጡር የሚለወጥ ወንድም ነበር፤ በ1990 በ«ፕሬደተር 2» በምድር ውስጥ ባቡር ላይ ከሌላ ዓለም በመጣ አዳኝ የሚገደል ቀልደኛ መርማሪ ፖሊስ ሆነ። በ«አፖሎ 13» ደግሞ በ1970 ከጨረቃ ጉዞ በተአምር የተመለሰውን እውነተኛውን ጠፈርተኛ ፍሬድ ሄይዝን ሆኖ ሲጫወት፣ ለልብ ወለድ ጠፈር ያዳበረው ችሎታ ለእውነተኛው ጠፈርም ሠርቷል። ጭራቅ በሌለበት፣ ብርድና የአየር እጥረት ብቻ ባለበት መንኮራኩር ውስጥ እየታመመ ሥራውን የሚቀጥል ሰው፣ ሀድሰን ካሳየው ፍርሃት ጋር አንድ ዐይነት ፍርሃት በዝምታ ይሸከማልና።

ዳላስ፦ ገንዘብ በሌለበት የተሠራ ፍርሃት

ፓክስተን ከመነሣቱ በፊት በጎረቤት ዳላስ የተለየ የፊልም ሥራ ተጀምሮ ነበር። በ1959 ጎርደን ማክሌንደን የተባለ የራዲዮ ጣቢያዎች ባለቤት «ዘ ኪለር ሽሩውስ» እና «ዘ ጃያንት ጊላ ሞንስተር» የተባሉ ሁለት ፊልሞችን ከዳላስ አቅራቢያ አሠራ። በመጀመሪያው ፊልም ሰው የሚበሉት ግዙፍ አይጥ መሰል አውሬዎች በአብዛኛው ጠጉራም ልብስ የለበሱ ውሾች ነበሩ። በፊልሙ ማክሌንደን ራሱ ሳይንቲስት ሆኖ ይጫወታል፤ ሳይንቲስቱ በመርዛማው አውሬ ከተነከሰ በኋላ የሚሰማውን የሕመም ምልክት እስትንፋሱ እስኪቋረጥ ድረስ በጽሕፈት መኪና ይመዘግባል። ውሾቹ የዛሬ ተመልካችን አያስፈሩም፤ ሞቱን ቁጭ ብሎ በሥርዓት የሚጽፈው ሰው ግን ከስድሳ ዓመት በኋላም ይታመናል።

ከማክሌንደን በኋላ የመጣው ላሪ ቡካነን በዳላስ የሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ዳይሬክተር ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ ለቴሌቪዥን የሚሆኑ ባለቀለም ፊልሞች ሲፈልግ፣ ቡካነን የኩባንያውን የ1950ዎቹ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች በጣም በአነስተኛ ገንዘብ እንደገና እንዲሠራ ውል ተሰጠው። «ዞንታር»፣ «ማርስ ኒድስ ዊመን» እና «ከርስ ኦቭ ዘ ስዋምፕ ክሪቸር» ለኩባንያው ከሠራቸው ፊልሞች መካከል ናቸው። በ«ማርስ ኒድስ ዊመን» ታሪክ ውስጥ ከተማዋ ሂውስተን ብትሆንም፣ በሥዕሉ የሚታዩት የዳላስ ላቭ ፊልድ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የኮተን ቦል ስታዲየም እና የኋይት ሮክ ሐይቅ አካባቢ ናቸው።

በእነዚህ ፊልሞች በተደጋጋሚ የሚታየው ፊት የቢል ተርማን ነው። ወፍራም ሰውነት፣ የገጠር ቴክሳስ አነጋገር እና የማያስመስል ገጽታ የነበረው ይህ ተዋናይ፣ በምሥራቅ ቴክሳስ ካዶ ሐይቅ ዳር በተቀረጸው «ከርስ ኦቭ ዘ ስዋምፕ ክሪቸር» ሰውም ሆኖ፣ የፒንግ ፖንግ ኳስ የመሰሉ ዓይኖች ያሉት የረግረግ ፍጡርም ሆኖ ተጫውቷል። የፍጡሩ ልብስ ማንንም አያታልልም፤ የተርማን ክብደትና እርጋታ ግን ቢያንስ ሰዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን ያሳምናል። ይህ ችሎታው በከንቱ አልቀረም፤ ፒተር ቦግዳኖቪች በ1971 «ዘ ላስት ፒክቸር ሾው»ን በቴክሳስ ሲሠራ የአሠልጣኝ ፖፐርን ሚና ሰጠው፤ ስቲቨን ስፒልበርግም በ1974 «ሹገርላንድ ኤክስፕረስ» እና በ1977 «ክሎዝ ኢንካውንተርስ ኦቭ ዘ ሰርድ ካይንድ» ፊልሞቹ ውስጥ አሠራው። በኋለኛው ፊልም ተርማን ከበረራ ተቆጣጣሪዎቹ አንዱ ነው፤ ትዕይንቱ አብራሪዎች በሰማይ ያዩትን እንግዳ ነገር በራዲዮ ሲያወሩ፣ ሠራተኞቹ በራዳሩ ዙሪያ ተሰብስበው ሲያዳምጡ የሚያሳይ ሲሆን፣ ከሰማይ የመጣው አካል ለተመልካቹ በፍጹም አይታይም። ከካሜራው ፊት ያሉት ሰዎች ማመን ብቻ ፊልሙን ወደ ፊት ይገፋዋል።

ከቡካነን ጋር ሲሠራ የቆየው ኤስ ኤፍ ብራውንሪግም በ1973 «ዶንት ሉክ ኢን ዘ ቤዝመንት» የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ ታሪክ ከዳላስ በስተ ደቡብ በምትገኘው የቴዋካና ከተማ አሮጌ ኮሌጅ ውስጥ ሠራ። በዚህ ፊልም ጥቁር አሜሪካዊው ቢል ማጊ በአንጎል ቀዶ ሕክምና ምክንያት እንደ ሕፃን የሆነውን ሳምን ሆኖ ይጫወታል፤ በደም በተሞላ ፊልም ውስጥ ርኅራኄን የሚሸከመው የእሱ የዋህ ፊት ነው።

ትልልቅ ስቱዲዮዎች በኋላ ወደ አካባቢው የመጡት ለሕንጻዎቹ ሲሉ ነው። «ሎጋንስ ረን» በ1976 የፎርት ዎርዝን የውኃ አትክልት ሥፍራ የመጪው ዘመን ከተማ አካል አደረገው፤ «ሮቦኮፕ» በ1987 በአይ ኤም ፔይ የተነደፈውን የዳላስ ማዘጋጃ ቤት የአንድ ክፉ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት አስመሰለው። በብረት ልብስ ውስጥ ሆኖ በአገጩና በከንፈሩ ብቻ የሞተ ፖሊስን ሐዘን የገለጸው ፒተር ዌለር በአቅራቢያዋ ዴንተን ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው።

ነፋስ እና መጥረቢያ

ፓክስተን በ1996 «ትዊስተር» ላይ መሪ ተዋናይ ሲሆን ጭራቁ የመንደሩ ነዋሪ ሁሉ የሚያውቀው አውሎ ነፋስ ነበር። የሰሜን ቴክሳስ እና የኦክላሆማ ሕዝብ በየጸደዩ የማስጠንቀቂያ ደወል እየሰማ የሚኖር ሲሆን፣ ፊልሙ ከታየ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ማርች 28 ቀን 2000፣ እንዲህ ያለ ነፋስ የፎርት ዎርዝን መሀል ከተማ መትቷል። ፓክስተን የነፋስ አሳዳጁን ሳይንቲስት አፈር ዘግኖ በእጁ እየበተነ፣ ሰማዩን እንደ ገበሬ እያየ ሲጫወት፣ በኮምፒዩተር የተሠራው ነፋስ ክብደት ያገኘው ከዚያ አስተያየት ነው።

ያለፈበትን ሁሉ አጠራቅሞ ያወጣው ግን ራሱ ባዘጋጀው የመጀመሪያ ሙሉ ፊልም፣ በ2001 በተጠናቀቀው «ፍሬልቲ» ነው። ታሪኩ በቴክሳስ ሲሆን፣ አንድ ደግ አባት በሌሊት ራእይ አይቶ በሰው አምሳል የሚመላለሱ አጋንንትን እንዲያጠፋ እንደታዘዘ ለሁለት ወንዶች ልጆቹ ይነግራቸዋል፤ ከዚያም መጥረቢያ ይዞ ትእዛዙን ይፈጽማል። ፓክስተን የግድያውን ቁስል በአብዛኛው ከማሳየት ተቆጥቦ የልጆቹን ፊት ያሳያል፤ አባቱንም ራሱ ሲጫወተው በጩኸትና በእብደት ሳይሆን ልጆቹን በሚወድ፣ በሚያጎርስና በሚያስተኛ ሰው ልስላሴ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ከሌሎች ዳይሬክተሮች ፊት ያጠናው ትምህርት፣ ፍርሃት ከሚታየው ነገር ይልቅ በሚያየው ሰው ውስጥ እንደሚኖር፣ በዚህ ፊልም የዳይሬክተርም መመሪያ ሆኖ ተገኝቷል።

የሙያው ክብር

ፓክስተን ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በደረሰበት ስትሮክ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2017 በ61 ዓመቱ ሲያርፍ፣ እውነተኛዎቹ የአሜሪካ ነፋስ አሳዳጆች በሜዳው ግዛቶች ካርታ ላይ የአቅጣጫ ምልክታቸውን ደርድረው የስሙን ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት ጻፉለት። ለተዋናይ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት ማግኘት ያስቸግራል፤ ምክንያቱም አደጋውን በገዛ ዓይናቸው የሚያዩት ሰዎች በእሱ ፊት ላይ ራሳቸውን አይተዋልና። ተርማን በ1995 ዳላስ ውስጥ ሲያርፍ እንዲህ ያለ ክብር አላገኘም፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን የበጀት እና የዕድል እንጂ የሙያው ዐይነት ልዩነት አይደለም።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ፊልም ሠሪዎች የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የአማርኛ ፊልም በፍቅር፣ በቀልድ እና በቤተሰብ ታሪክ ሲበለጽግ፣ አስፈሪ እና ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ዘውጎች ገንዘብና መሣሪያ የሚጠይቁ የሌሎች ሥራዎች ተደርገው ሲታዩ ኖረዋል። ነገር ግን በ2015 በስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ተዘጋጅቶ በኢትዮጵያ የተቀረጸው «ክራምብስ»፣ ከሰማይ የተንጠለጠለ አሮጌ መንኮራኩር ባለበት የፈረሰ ዓለም ውስጥ ዳንኤል ታደሰን ብቻውን ሲያራምድ፣ ተመልካቹ ያንን ዓለም የሚቀበለው በተዋናዩ ለየት ያለ ሰውነት፣ በሥጋቱ እና በቁም ነገሩ ምክንያት ነው። በዳላስ ዳር ቡካነንና ማክሌንደን የጎደላቸው ገንዘብ አዲስ አበባም ሊጎድል ይችላል፤ ተርማንን እና ፓክስተንን የሚመስሉ ባለሙያዎች ግን በቲያትር ቤቶቻችን መድረክ ላይ አሉ። እነሱን ለአጃቢነት ብቻ ከመጥራት ይልቅ፣ ጭራቁ ከመነደፉ በፊት የሚፈራውን ሰው መጻፍና ለዚያ ሰው የሚሆነውን ተዋናይ መፈለግ ዘውጉን በራሳችን ቋንቋ ለመጀመር ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነው።